በልመና የዞረ መንገድ

ከአዲሱ አውራ ጎዳና ወደ ግራ ተገንጥሎ፣ ኮረብታውን ዞሮ፣ ተመልሶ ከዚያው ጎዳና የሚገጥም አሮጌ አስፋልት አለ። የአገሩ ሰው «የደምለው መንገድ» ይለዋል። ስንጥቁን ሰርዶ ሞልቶታል፤ ግራና ቀኙ የቤት መሠረት ብቻ ነው። እዚህ ሰንበሌጥ በር የሚባል ከተማ ነበረ ቢሉት መንገደኛው ይስቃል፤ ቢስቅም አይፈረድበትም።

እንደሚነገረው ያ አስፋልት በደጉ ዘመን ብቸኛው አውራ ጎዳና ነበርና፣ ወደ ሰሜን የሚወጣው አውቶቡስ ሁሉ ለምሳ የሚቆመው ሰንበሌጥ በር ነበር። ከምግብ ቤቶቹ ሁሉ ስሙ የወጣው የአስካለች ቤት ሲሆን፣ አስካለች የአቶ ደምለው አንድዬ ልጅ ነበረች። እናቷ በወሊድ ስለሞተች አቶ ደምለው እናትም አባትም ሆነው አሳደጓት፤ ያንንም ቤት ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ በእጃቸው መርገው ሠሩላትና «እንግዲህ ብሞትም ልጄ ሜዳ ላይ አትወድቅም» እያሉ ይጽናኑ ነበር ይባላል።

ከዕለታት አንድ ቀን መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀያሾች መጥተው በጎዳናው ዳር ባሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ፤ የተቀባው ይፈርሳል ማለት ነው። የአስካለችም ቤት ተቀባ። አቶ ደምለው ያን ቀለም በጥፍራቸው ሊፍቁት ሞከሩ። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ቢሏቸው ማን ሰምቶ! ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡና፣ በአገሩ ደንብ የጭንቅ ልመና እንደሚለመነው፣ ሁሉም በየጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ መንገዱ መሐንዲስ ድንኳን ሄዱ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እንቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው፤ ደም የተቃባ እንኳ ይታረቅበታል።

መሐንዲሱም የወግ አገር ልጅ ነበርና ዘሎ ተነሣ።

«ኧረ አባቴ፣ በእኔ ሞት ያውርዱት!»

«ቤታችንን ተውልን ልጄ። እሺ ካላልከን አናወርድም» አሉ አቶ ደምለው።

መሐንዲሱ ድንጋዩን በገዛ እጁ ከጫንቃቸው አወረደ፤ አለቆቹንም ለምኖ፣ መስፋቱ ቀርቶ አዲስ ጎዳና በኮረብታው ጀርባ እንዲያልፍ አደረገ። ሰንበሌጥ በር በሬ አርዶ እልል አለ። መንገድ የሚያበላው ከተማ መንገድ በመሸኘቱ እልል አለ፤ ምን ይባላል?

አዲሱ ጎዳና በተከፈተ ማግስት አውቶቡስ ቀረ። አስካለች ወጧን ሠርታ ደጅ ደጁን ታያለች፤ ሲመሽ ለውሻ ትደፋለች። አቶ ደምለው እንደገና ድንጋይ ተሸክመው አዲሱ ጎዳና ዳር ቆሙ፤ ግን ማንን ይለምኑ? መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ሾፌሩ ሁሉ ጥሩንባውን ነፍቶ ያልፋል። ጎረቤቱም ቤቱን እየነቀለ አንድ ባንድ ሄደ።

በመጨረሻ አስካለች ድንጋይ ተሸክማ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ምነው ልጄ? ማንን በድለሽ?»

«አባዬ፣ ቤቱን ላፍርሰው፣ ፍቀድልኝ። ቆርቆሮውንና እንጨቱን አዲሱ መንገድ ዳር ልትከለው። እዚህ ጦሜን ማደሬ ነው።»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አቶ ደምለው ድንጋዩን ከልጃቸው ጫንቃ አወረዱ። ያን በእጃቸው የመረጉትን ግድግዳም ቀድመው የመቱት እሳቸው ናቸው ይባላል። «አብረን እንሂድ» ብላ ብታለቅስም፣ «መንገድ ያባረረ ሰው መንገድ ዳር ምን ይሠራል?» ብለው ቀሩ። በዚያው ክረምት ሞቱ፤ በከተማው ሰው አልነበረምና አስከሬናቸውን የሚሸከም የተለመነው ከአዲሱ ጎዳና ነው።

የሰንበሌጥ በር ዘሮች ዛሬ በየአገሩ ተበትነው ይኖራሉ። ለልመናም ሆነ ለእርቅ ሲሄዱ፣ ሌላው ሰው ድንጋይ ሲሸከም እነሱ ጫንቃቸውን ባዶ አድርገው ከሰዉ ኋላ ይቆማሉ። ምነው የተባሉ እንደሆነ መልሳቸው አንድ ነው አሉ፤ «እሺ እንዳይሉን ፈርተን ነው።»