ሽንኩርት ያልተላጠበት ሰርግ

ስሟን ብንጠራት ዛሬም ቅር የሚለው አይጠፋምና፣ መስጂዷ ከገበያዋ ቀድሞ የተሠራ አንዲት አሮጌ ከተማ ብለናት እንለፍ። በዚያች ከተማ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከተማዋ ምላሷ የማያርፍ ናት፤ ኢማሙን እንኳ ሳታማ አታድርም። በሐጂ ሸምሱ ላይ ግን የምትለው አጥታ ነበር። ጨርቅ ሲለኩ ከምልክቱ አለፍ አድርገው ይቆርጣሉ። ለመሸጥ ብለው ወላሂ ብለው አያውቁም። እንከን ያለበትን ጣቃ ራሳቸው ገልጠው «ይኸውልህ ጉዱ፣ አይተህ ግዛ» ይላሉ።

አላህ ልጅ እየሰጠ ደጋግሞ ወሰደባቸው። በመጨረሻ ረውዳ መጣች፤ እሷም ስትወለድ ትተርፋለች ያለ አልነበረም። ያኔ የጎረቤት ሴቶች በእመት ሀዋ መሪነት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ እየተፈራረቁ ዱዓ ያዙላት። ልጅቷ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ሐጂ ሸምሱ አንድ ምኞት ነበራቸው፦ በረውዳ ሰርግ ቀን እነዚያው ሴቶች እጃቸውን አንስተው «አሚን» ሲሉላት መስማት። አሁን ልባቸው ደክሟል፣ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም። ለልጃቸው ትተውላት ሊሄዱ የሚሹት ውርስ ይኸው የጎረቤት ዱዓ ነበር።

የዚያች ከተማ ጎረቤት ደግሞ ለሰርግ እንደ ሌላው አይጠራም። ሰርጉ ሲቃረብ የሙሽራዋ ቤት ሽንኩርት በግቢው ያፈስና «ሽንኩርቱ ደርሷል» ብሎ ይልካል። በቃ፣ ጥሪው ይኸው ነው። ሴቷ ቢላዋዋን ይዛ ትመጣለች፣ ወንዱ መጥረቢያውን ይዞ እንጨት ይፈልጣል፣ የሰርጉ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ እንደ ባለቤት ይገባል። የተኳረፈ ቢኖር እንኳ ይላክበታል። ባላንጣዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየላጡ ያለቅሳሉ፤ ከቂም የመጣውን እንባ ከሽንኩርቱ የሚለየው አላህ ብቻ ነው። እየላጡም ዱዓ አይቋረጥም፤ አንዷ «ትዳሯን ያጣፍጠው» ስትል ሌሎቹ «አሚን» ይላሉ። መልእክቱ ያልደረሰው ሰው ግን አልተፈለገም ማለት ነው። ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ አይመጣምም።

ረውዳ ገና በልጅነቷ ለትምህርት ከከተማዋ ወጥታ ስለነበር ይህን ሽንኩርት የምታየው እንደ ድካም ብቻ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለችም። በሙሽራ ላይ መፍረድ ስለሚቀናን ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል። ሥራ ይዛ፣ የሚወዳትን ሰው አግኝታ፣ ሰርጓን በገዛ እጇ ልታዘጋጅ መጣች። ምግብ ሠሪዎቹን ከትልቁ ከተማ ቀምሳ አማርጣ ያዘች። ዲኮር የሚሠሩትን፣ ፎቶ አንሺዋን፣ ኬክ ጋጋሪውን አንድ በአንድ አነጋገረች። ድንኳኑ በምትወደው በሐምራዊ ጨርቅ እንዲለብስ፣ መግቢያው ላይ የእሷና የሙሽራው ስም በአበባ እንዲጻፍ አዘዘች።

«የማንንም ሰርግ የማይመስል ሰርግ ነው የምፈልገው፣ አባዬ» አለች።

«ሽንኩርቱስ?» አሉ ሐጂ ሸምሱ።

«ምግብ ሠሪዎቹ ልጠው ከትፈው ነው ይዘው የሚመጡት። እነ እመት ሀዋ ስንት ዘመን በሰው ሰርግ ጭስ ሲበላቸው ኖረ! እስኪ በኔ ሰርግ እንኳ ይረፉ። እንደ እንግዳ ተቀምጠው ይብሉ።»

«ማን ይጠራቸዋል?»

ልጅቷ ሳቀች። «ጎረቤት ደግሞ ይጠራል እንዴ? ቤታቸው አይደል!»

ሐጂ ሸምሱ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ በዓይናቸው ጠቀሷቸውና፣ ልጅቷ ስትወጣ «ደስ ብሏታል፤ አንድ ቀኗን አያበላሹባት» አሉ። ሐጂ ሸምሱ ሊሉት የነበረውን ተዉት። እንዲህ የደመቀ ፊቷን ካዩ ቆይተዋል፤ ያንን ፊት የማጥቆር አቅም አጡ። ለራሳቸውም «ሶብር ነው፣ ትዕግሥት፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ሶብር ያስፈልገዋል» አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ወደ ማምሻው ከአስር ሶላት ሲወጡ ጎረቤታቸው አናጢው ይማም መስጂዱ በር ላይ አገኛቸው። «ሐጂ፣ እንጨቱን መቼ እንፍለጥ?» አላቸው።

«ዘንድሮ በጋዝ ነው የሚያበስሉት አሉ፣ ይማም።»

ይማም ጫማውን ሲፈልግ ቆየ። ጫማው እግሩ ሥር ነበር። «አላህ ያሳምረው» ብሎ ሄደ። ሐጂ ሸምሱ ያቺ መልሳቸው «አልተፈለጋችሁም» ማለት እንደነበረች ያውቃሉ። ያኔም ጊዜ ነበር፤ ጠርተው መመለስ፣ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ግቢ ውስጥ ማፍሰስ ይበቃ ነበር። ሶብር ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ኒካሑ በሥርዓቱ ታሰረ፣ የሰርጉ ግብዣ፣ ወሊማው፣ ተጀመረ። ድንኳኑ እውነትም ያምር ነበር፤ ከተማዋ እንዲያ ያለ አይታ አታውቅም፣ ያን ቀንም አላየችውም። በሴቶቹም በወንዶቹም በኩል ከፊት ያሉት ወንበሮች በሙሽራው ዘመዶችና በረውዳ የሥራ ባልደረቦች ሞሉ። ከኋላ ያሉት ሐምራዊ ልብስ እንደለበሱ ባዶ ቀሩ። ከአጥሩ ውጭ የጎረቤቱ በር ሁሉ ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ሐጂ ሸምሱ ሰው እያነጋገሩ ጆሯቸው መንገዱ ላይ ነበር። ኮቴ አልተሰማም።

የሙሽራው አባት ባዶውን ወንበር አዩና «ምነው ሐጂ፣ ሰፈራችሁ ሰው የለውም እንዴ?» አሉ፣ ሳቅ ብለው። ሳቁ ግን የሚዋጥ አልነበረም።

ወይዘሮ ዘይነባ ይህ ቃል በሴቶቹ በኩል ሲደርሳቸው ታጥቀው ተነሡ። «ምቀኞች ናቸው! ተማክረው ነው የቀሩት! የሰው ደስታ ዓይናቸውን ያቀላዋል!» ወሬው እግር አወጣና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። አንዳንዱ እንግዳ በአፉ የጎረሰውን ሳይውጥ ያላያቸውን ሰዎች ማማት ጀመረ።

በዚህ መሃል የረውዳ አጎት ጧሂር ወደ ሐጂ ሸምሱ ጠጋ አለ። «መላ አለኝ» አለ። «ይህ ሁሉ ምግብ ከሚተርፍ መስጂዱ ደጅ ላሉት ሚስኪኖች እንጫነው። ሐጂ ሸምሱ የልጃቸውን ወሊማ ሰደቃ አደረጉት ይባላል። ከኀፍረትም እንወጣለን፣ ከአላህም አጅር እናገኛለን።»

መልካም ምክር ይመስላል። ከመካከላችን ስንቱ «ማሻአላህ፣ አላህ በምላስህ አመጣልኝ» ብሎ ይቀበለው ነበር! ሐጂ ሸምሱ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ምግቡ ለሚስኪን ይድረስ፤ እንዲደፋ አልፈልግም» አሉ። «ስታወርዱት ግን ሰደቃ ነው አትበሉ። የተረፈ ነው በሉ። የጨርቄን እንከን ገልጬ የምሸጥ ሰውዬ፣ የራሴን እንከን በሚስኪን ልሸፍን?»

ይህን ብለው ምርኩዛቸውን አንስተው ከድንኳኑ ወጡ። እንግዳው ጎረቤቶቹን ሊቆጡ የሄዱ መሰለው።

እመት ሀዋ ግቢያቸው ውስጥ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐጂ ሸምሱ ገና ከበሩ ሲያዩአቸው እዚያው ቆሙ። አሮጊቷ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ እጃቸው ሒና ሞቋል። ማንም ሳይልክባቸው፣ ምናልባት ብለው ከማለዳ ጀምሮ ተሰናድተው ኖሯል።

«አፉ ይበሉኝ፣ እመት ሀዋ» አሉ ሐጂ ሸምሱ፣ እንደቆሙ። «ሊላክብዎት ይገባ ነበር። አልላክሁም። እባክዎን ይነሡና እንሂድ።»

እመት ሀዋ ሁልጊዜ «ሸምሱዬ፣ አንተ» ነበር የሚሏቸው። ዛሬ «ሐጂ» አሉ፤ አንተ ማለቱም ቀርቶ አንቱ ሆነ።

«ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ፣ ሐጂ። ቂም ይዤ አላድርም፤ ለሞት ቀርቤያለሁ። ግን አልመጣም።»

«ስለምን?»

«እጄን ያልፈለገ ቤት አፌን ምን ያደርግለታል? ለመብላትማ ቤቴም እበላለሁ።»

ሐጂ ሸምሱ የመጡበትን፣ ከልጅቷ መወለድ ጀምሮ ሲመኙት የኖሩትን ነገር ለመኑ። «እሺ አይምጡ። ዱዓዎንስ? እዚሁ ሆነው አንዲት አሚን ይበሉላት።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከጭናቸው አነሡ። እጆቹ አየር ላይ ትንሽ ቆዩና ተመልሰው ወረዱ።

«ልቤ አልመጣም፣ ሐጂ» አሉ እመት ሀዋ፣ እንባቸው ወርዶ። «የመጣ ዕለት አደርግላታለሁ፤ ልጄ ናት። ዛሬ ግን ዋሽቼ አሚን ልበልዎት?»

ሐጂ ሸምሱ ውሸት ለምነው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልለመኑም። «አይዋሹ» ብለው ወጡ። ወደ ሌላ በር መሄዱን ተዉት።

ድንኳኑ ሲደርሱ ሐሜቱ ጦፏል። ሐጂ ሸምሱ ከመካከል ቆሙና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «ወንድሞቼ፣ ሰፈሬን ምቀኛ አትበሉብኝ። እኛ ዘንድ ጎረቤት የሚጠራበት ደንብ አለ። እኔ ደንቡን እያወቅሁ ሳልልክባቸው ቀረሁ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያማችኋቸው ካላችሁ ቃላችሁን መልሱ፤ ማማት ካማራችሁ እኔ ይኸው ቆሜያለሁ።»

የሙሽራው አባት አንገታቸውን ደፉ። አንዳንዱ ስልኩን ያይ ጀመር። ወይዘሮ ዘይነባ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቀጥሎ ዱዓ ተደረገ፤ ከልጅነቷ የማያውቋት ሰዎች ለረውዳ አሚን አሉላት። ፎቶ አንሺዋ ብርሃኑ ሳያልፍ ብላ ስታቻኩል አሚኑም አብሮ ቸኮለ።

ረውዳ አባቷን ጥግ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር። «እኔ እንዲያርፉ ብዬ ነው እኮ» አለች። «ታውቅ ከነበረ ምነው አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

ሐጂ ሸምሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«ፈራሁሽ፣ ልጄ» አሉ። «ፍርሃቴንም ሶብር ብዬ ጠራሁት።»

ዓመቱ ሳይዞር ሐጂ ሸምሱ ወደ አኺራ ሄዱ። ለቀብር ሽንኩርት አይላክምና ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ረውዳ በሰርጓ ቀን ያጣቻቸውን ፊቶች ሁሉ በአባቷ ለቅሶ አየቻቸው።

የእኚህ ሰው ቃል አጭር ናት፤ ስትዋጥ ግን ትመራለች። ሶብር አላህ ባመጣው ላይ ነው። ልጅ ሲሞት፣ ንብረት ሲጠፋ፣ በሽታ ሲጸና ሶብር ይባላል፤ ሐጂ ሸምሱም ይህን ሶብር ልጆቻቸውን ሲቀብሩ አሳይተውታል። በአንዲት ቃል ልናቀናው የምንችለውን ጥፋት እያየን አፋችንን ስንዘጋ ግን ስሙ ሌላ ነው። እኚህ ሰው ከኛ የሚበልጡት ስላልተሳሳቱ አይደለም፤ ለስህተታቸው ትክክለኛ ስሙን ሰጥተውት፣ ጎረቤታቸውን ከሐሜት አውጥተው በቦታው ራሳቸው ስለቆሙ ነው። ልጆቻችን የድንኳናቸውን ቀለም ይምረጡ፣ ምግብ ሠሪም ያማርጡ፤ ቀኑ የነሱ ነው። የጎረቤት ሐቅ የቱ ጋ እንዳለ መንገር ግን የኛ የሽማግሌዎቹ ዕዳ ነበር። ዛሬ በየድንኳኑ ጥግ ልጁን የፈራ አባት ሶብር ላይ ነኝ እያለ ተቀምጧል። እሱ የሶብርን ምንዳ ሲጠብቅ፣ በወዲያኛው ዓለም ያልተላከባት አንዲት አሮጊት ሐቋን ይዛ ትጠብቀዋለች።