የአንካሶቹ መስክ መርማሪ

ከሸለቆው በታች ባለው ዱር ሕጉ ሁሉ ደግ ነበር። በጋ ገብቶ የኮረብታው ሣር ሲደርቅ፣ በወንዙ ዳር ያለው ለምለም መስክ መራመድ ላቃታቸው እንስሳት ብቻ እንዲሆን አንበሳ አውጇል። ጤነኛ እንዳይገባበትም መርማሪ ሾሟል፤ አያ ጅቦን። በሹመቱ የተገረመ አልነበረም። የሚያነክስን እንስሳ ከሩቅ ለይቶ በማወቅ ማን ይስተካከለዋል? ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሙያ ነው።

ዳልቻ የተባለችው አህያ በክረምቱ ገደል ገብታ የኋላ እግሯ ተሰብሮ፣ ተጣሞ ገጥሟል። ሣር ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ መዞር አቃታት። ወተቷ እየነጠፈ ሄደ፤ ውርንጭላዋም ጡቷን ጎትቶ ጎትቶ ሲያጣ ሆዷን በግንባሩ ይደበድባል። ስለዚህ ውርንጭላዋን አስከትላ ልትመረመር ሄደች። መንገዱን ሁሉ “ዛሬስ አልሮጥም” እያለች ራሷን ስትመክር ነበር።

አያ ጅቦ ከጥላው ተነሥቶ ጠጋ አለና እግሯን አሸተተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዳልቻ ራሷ በደንብ አታስታውሰውም። ልቧ ሲመለስ ውርንጭላዋን አስቀድማ ከጉብታው ማዶ ቆማለች፤ ያውም በሦስት እግር ሮጣ።

“እንዲህ የሚሮጥ እግር ምን ሆነ ይባላል?” አለ ጅቦ ከወዲያ።

አንካሳዋ ፍየልና ጉልበቷ ያበጠው ሚዳቋም ቀደም ብለው መጥተው፣ እንዲሁ ሮጠው ተከልክለዋል። በዚያ በጋ በዱሩ አንድም አንካሳ አልተገኘም።

ጅቦ ግን የተከለከለን እንዲሁ የሚሸኝ አልነበረም። ሌላም መንገድ እንዳለ ለዳልቻ በትዕግሥት አስረዳት። ይግባኝ ማለት ትችላለች፤ ሰሚዋ ዋሻ ውስጥ ያለችው አክስቱ ናት፤ ታዲያ በአካል መቅረብ ግድ ነው። ዘመድ ካላት ዘመድ ጋ ትጠጋ። ይህም ካልሆነ፣ አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ልጁን እኔ ጋ ተዪው። አንድ አፍ ሲቀንስልሽ ይቀልሻል።”

እንስሳቱ በአንበሳ ፊት በተሰበሰቡበት የጉባኤ ቀን አሮጌው በሬ ስለ ሕጉ ደግነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ አንበሳም በመካከሉ እንቅልፍ ወሰደው። ዳልቻ በጉባኤ ተናግራ አታውቅም። ያናገራት፣ ውርንጭላው እንደ ልማዱ ሆዷን መደብደቡ ነው።

“አያ ጅቦ፣ እርስዎም እዚያው መስክ ላይ ነው የሚውሉት። በምን ገቡ?”

“እያየሽኝ? እኔም አነክሳለሁ እኮ።” እውነቱን ነው፤ ጅብ ሲፈጥረው ከኋላው ሸብረክ ይላል።

“እግዜር ይማርዎት። ማን መረመርዎት?”

ጅቦ ሳቀ። መርማሪን የሚመረምር ከየት ይመጣል አለ።

“ጌታችን አሉ አይደል?” አለች ዳልቻ ቀስ ብላ።

ሲጠሩት አንበሳ ነቃ። ክፉ ነገር አላሰበም፤ ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ አዛጋ፣ ወደ ጅቦም አንዴ ተራመደ። አቧራው ሲገለጥ ጅቦ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነበር፤ ወዲያው ከማዶው ወረደ።

በሬው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሮጠ አንካሳ እንዳልሆነ ለጉባኤው አስታወሰ።

“ይግባኝ ይበሉ እንጂ” አለች ፍየሏ። “አክስት አላቸው።”

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንበሳ ውኃ ሊጠጣ ወደ ወንዙ ሲወርድ ዳልቻ፣ ፍየሏና ሚዳቋ በመስኩ ተሰማርተው አገኛቸው። ውርንጭላው ይጠባል።

“ማን መርምሮ አስገባችሁ?” አለ።

ሁሉም ቀና ብለው አዩት። አፋቸው በሣር ሞልቷል። አንበሳ ፊታቸው ቆሞ ሳለ፣ የሮጠ ግን የለም።