የአያ ጓንጉል ዝምታ

በአንድ ወቅት፣ ማር ተቆርጦ ጤፍ በሚከመርበት ወር፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ዐቃቤ ሕግ መርማሪ ፈለጉ። የሚቀጥሩት አንድ ሰው ነው፤ ለሙከራ የመጡላቸው ግን ሦስት ናቸው፦ አንዳርጌ፣ የሺመቤትና ይርዳው። ሦስቱ በአንድ ግቢ ተከራይተው፣ ከአንድ ድስት ሽሮ እየበሉ፣ ለአንድ ወንበር ይሻማሉ። ያም ሆኖ አንዱን ራስ ምታት ቢይዘው ሌሎቹ እንቅልፍ የላቸውም። እኔ የችሎቱ አስተናባሪ ስለነበርኩ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ለዚህም ነው ፍርዱን ለእናንተ የምተወው።

ነገሩ የተነሳው የሙሉሰው የጤፍ ክምር ሲቃጠል ነው። ጎረቤቱ ተገኝ በድንበር ተጣልቶት፣ ገበያ መሀል «ልፋትህን አመድ ያድርገው!» ብሎ ረግሞት ነበር። ይህን ያልሰማ ሰው የለም። ክምሩ አመድ ሲሆን ሌላ ማን ይጠረጠራል? ተገኝን አሰሩት። የእሱ ጤፍ ግን ታጭዶ ማሳው ላይ ተኝቷል፣ ሰማዩም ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። ሚስቱ ምሳ ይዛለት ትመጣና ደመናውን እያየች ትመለሳለች። ቶሎ ካልተፈታ የልጆቹ የዓመት ቀለብ ማሳ ላይ መበስበሱ ነው።

ወይዘሮ አስካለ ሦስቱን ጠሩ። «አቃጥሎ ከሆነ አስረዱኝ፤ ካላቃጠለም አስረዱኝ» አሉ። «እንጀራዬ መክሰስ ቢሆንም ንጹሕ ሰው አሳስሬ መተኛት አልችልም።»

አንዳርጌ ወደ አውድማው ሄደ። ይህ ልጅ ሰላም ሲሉት እንኳ ፊት ሳይሆን ጫማ የሚያይ ነው፤ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። አመዱን ከቦ የሚያወራውን ሰው አስወጣና ዙሪያውን በገመድ አጠረ። ተንበርክኮ አመዱን ሲገልጥ ከሥር ያልተቃጠለ ጤፍ አገኘ። ተንኮለኛ ክምር የሚለኩሰው ከሥር ነው፤ ይህ እሳት ግን ከላይ ነው የጀመረው። ቀና ቢል ዛፍ አለ፣ ዛፉ ላይም ቀፎ ተሰቅሏል። ከዛፉ ግርጌ የተለበለቡ ንቦች፣ ንብ የሚታጠንበት የኩበት ስባሪና ግማሹ የተቃጠለ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው የኩታ ጫፍ ወድቀዋል። ሁሉንም ምስክር ባለበት አንስቶ አሸገ። «ማር ሲቆረጥ የተነሳ እሳት ነው» አለ። ማን እንደቆረጠው ግን ጨርቅ አይናገርም።

የሺመቤት ወደ ሙሉሰው ቤት ሄደች። የሙሉሰው ሚስት አራስ ናት። የሺመቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ገባች፣ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ እንደመጣችም በር ላይ ተናገረች፤ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ገንፎ ስታገነፋ መርማሪ ናት ብሎ ማን ያስብ? ስለ እሳቱ አንድም ነገር አልጠየቀችም። የአራሷ አባት አያ ጓንጉል ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው አብጧል። ገንፎው ከማር ጋር ቀረበ። ሁሉም ሲበላ እሳቸው ማሩን ገፋ አደረጉት።

«አያ፣ ምነው አልቀመሱም?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

ሽማግሌው እጇን ያዙና እንባቸው መጣ። «ለአራስ ልጄ ብዬ ነው የቆረጥኩት። ነፋሱ ፍሙን ወሰደብኝ። የአማቼን እንጀራ አቃጥዬ በምን አፌ ልናገር፣ ልጄ?»

የሺመቤት እየበረረች ወደ ቢሮ መጣች። የሰማችውን ስትነግረን አንዳርጌ እንኳ በደስታ ሳቀ። ይርዳው ግን አልሳቀም።

«መብታቸውን ነግረሻቸዋል?» አላት።

«እያለቀሱ? ምን ዓይነት ሰው ነህ!»

«እንግዲያው ቃሉን ፍርድ ቤት አይቀበለንም። ሽማግሌውም ሳያውቁ በራሳቸው ላይ መስክረዋል» አለና ተነስቶ ሄደ። ይርዳው እንዲህ ነው፤ ሻይ ሲጋብዙት እንኳ ስኳሩ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ። አያ ጓንጉል ፊት ቆሞ፣ «አባቴ፣ እኔ መርማሪ ነኝ። ዝም የማለት መብት አለዎት። የሚናገሩት ሁሉ ችሎት ይቀርባል፤ ጠበቃም ማማከር ይችላሉ» አላቸው። ሽማግሌው አዩት፣ አዩትና አፋቸውን ዘጉ። ልጃቸው ብትለምናቸው፣ ሙሉሰው ቢቆጣቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። ይርዳውም አንድ ጥያቄ ሳይጨምር፣ ለጥ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።

የዚያን ዕለት ድስቱን የነካው የለም። «ተገኝን አንተ አሰርከው!» አለች የሺመቤት። ይርዳው ዓይኑ ቀልቶ፣ «የተገኝን መብት ለማስመለስ የሳቸውን ልስረቅ?» አላት። አንዳርጌ መሀላቸው ተቀምጦ እንጀራውን በከንቱ ይቆርሳል።

በቀጠሮው ቀን ወይዘሮ አስካለ የአንዳርጌን ጨርቅ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ፤ እሳቱ ከቀፎው መነሳቱን አስረዱ። ዳኛው ጨርቁን አገላበጡት።

«ታዲያ ማሩን የቆረጠው ራሱ ተገኝ አለመሆኑን በምን አወቃችሁ? እንዲህ ያለ ጥለት በየቤቱ አለ» አሉ።

የሺመቤት ከንፈሯን ነክሳ ከሙሉሰው ጎን ወደተቀመጡት አያ ጓንጉል ታያለች። ይርዳው አንገቱን ደፍቷል። ውጭ ነጎድጓድ ተሰማ፤ የተገኝ ሚስት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ዳኛው ተለዋጭ ቀጠሮ ሊሰጡ ብዕራቸውን አነሱ።

ያኔ አያ ጓንጉል ተነሱ። «ጌታዬ፣ ኩታው የኔ ነው። እሳቱም ከኔ እጅ ነው። ተገኝን ልቀቁት» አሉ። ሲነሱ ጨርቁን አይተው ይሁን፣ የሺመቤትን አይተው ይሁን፣ ወይስ ይርዳውን፣ እኔ ከኋላቸው ስለነበርኩ ፊታቸውን አላየሁም። ኋላ ብንጠይቃቸውም «ተዉኝ» ከማለት በቀር ምንም አላሉም።

ተገኝ ሮጦ ማሳው ደረሰ። ሙሉሰው፣ ያ ከሳሹ፣ አብሮት ነዶ ተሸከመ፤ ያንን ሳይ ያለቀስኩትን አልደብቃችሁም። ዝናቡ የመጣው ነዶው ከገባ በኋላ ነው። የአያ ጓንጉል ጥፋት በቸልተኝነት ታየና ቅጣቱ በገደብ ሆነ፤ አማቻቸውም ከዳኛው ቀድሞ ይቅር አላቸው።

ወንበሩ ግን አሁንም አንድ ነው። አንዳርጌ ባይኖር እሳቱ የተገኝ እሳት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ጨርቁ ብቻውን ግን ማንንም አላስፈታም። የሺመቤት ባትኖር ሽማግሌውን ማንም አይጠረጥርም ነበር፤ ነገር ግን እንደ ልጅ ተቀምጣ የሰማችውን እንደ መርማሪ ይዛ ወጣች። ይርዳው ባይኖር የሽማግሌው ቃል የራሳቸው ቃል አይሆንም ነበር፤ ግን ተነስተው ባይናገሩስ? ተገኝን እስር ቤት፣ ጤፉን ዝናብ ላይ ትቶት ነበር እኮ።

እንግዲህ ፍረዱ። ታስራችሁ ሰማዩን የምታዩት እናንተ ብትሆኑ የትኛው እንዲመረምርላችሁ ትፈልጋላችሁ? ጥፋቱን ይዛችሁ ጥግ የተቀመጣችሁት እናንተ ብትሆኑስ? ወንበሩ ለማን ይገባል?