ጥላ ይዞ ወጥቶ መውረድ ያቃተው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ከፍታ ይፈራል።

የኔታ እንዲህ ብለው የጀመሩት ልሳኑ ለሚባል የቅኔ ተማሪያቸው ነው። ልሳኑ ለመጪው በዓል በጉባኤ ፊት ቅኔ እንዲቀኝ ታዞ፣ «የኔታ፣ ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል። ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ብቆይስ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም ቀጠሉ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ጅብ አይፈራም፣ ዳኛ አይፈራም። የጎጆው ክዳን ሲያፈስ ግን ጣሪያው ላይ የምትወጣው ሚስቱ ናት። እሱ ከታች መሰላሉን ግጥም አድርጎ ይይዝላታል፤ ያንንም ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ይህች ሚስቱ «ልጄ ደግ ባል ታግኝልኝ እንጂ» ብላ ተራራ ላይ ላለ ገዳም ጥላ ተስላ ነበር። ልጅቱ ደግ ባል አገኘች፤ የሰርጉም ቀን ተቆረጠ። ሴትዮዋ ግን እግሯ ወለም ብሏት ተኛች። «ስለቴ ሳይደርስ ልጄን አልድርም። አንተው ውሰድልኝ» አለችው። ቀኝ ግራውን ቢያይ ከእሱ በቀር ሰው የለም።

ጥላውን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ሽቅብ ሲሄዱ ዓይን ከፊቱ ካለው ድንጋይ አያልፍምና መውጣቱን ቻለው። ጥላውን አስረክቦ፣ ተመርቆ፣ ሊመለስ ዞር ሲል ግን ቁልቁል አየ። እታች ያለው ዋርካ ጎመን አክሏል። በአራት እግሩ እየዳኸ ወደ አበምኔቱ ተመለሰ።

«አባቴ፣ ዓለምን ንቄያለሁ፤ አመንኩሱኝ» አላቸው።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ቁልቁል ካየሁ ወዲህ።»

አበምኔቱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ማደሪያ ሰጡት። ጠዋት ጠዋት ወደ አፋፉ ይሄዳል፣ ያያል፣ እየዳኸ ይመለሳል፣ ቆሎ ይበላል። መነኮሳቱም «ፍርሃት እንዲህ ያስርባል እንዴ?» ይባባሉ ጀመር።

በሰርጉ ዋዜማ አንድ ጎረቤቱ ለመሳለም ወጣና፣ «አንተ እዚህ ነህ? የሚስትህ ወንድም እኮ በወንበርህ ተቀምጦ ልጅህን ሊመርቅ ነው» አለው። የሚስቱ ወንድም ምርቃት ከጀመረ ዶሮ ቆጥ እስኪወጣ የማይጨርስ ሰው ነው። የገበሬው ደም ፈላ።

«አባቴ፣ ይጸልዩልኝ። ፍርሃቱ ይውጣልኝና ልውረድ።»

አበምኔቱ ጸለዩለት። አፋፉን አይቶ ተመለሰ። «ጭራሽ ባሰብኝ!»

«ልጄ፣ እግርህ ታሟል?»

«ኧረ ደኅና ነው።»

«እጅህስ?»

«እሱም ደኅና ነው።»

«የሚፈራው ልብህ ነዋ። እሱ እንደፈለገ ይጩህ፤ እግርህ ግን ይውረድ።»

ሰውየው ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ አንድ እግሩን ሰደደ። «ወየው ሞትኩ!» አለ። ሌላውን ሰደደ። «ወየው ሞትኩ!» እንዲህ እየጮኸ ወረደ። የግርጌው ሰዎች ነብር ሰው የያዘ መስሏቸው ዱላ ይዘው ሮጡ። ሲደርሱ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድንጋይ አቅፎ «ሞትኩ!» ይላል።

«ኧረ መሬት ደርሰሃል!»

«ማሉልኝ» አላቸው።

ማሉለት። በማግስቱ የሚስቱ ወንድም ጉሮሮውን እየጠራረገ ሳለ ባለወንበሩ ደረሰና አስነሣው። ልጁን ሲመርቅ ድምፁ ይርዳል፣ ጉልበቱ ይብረከረካል። ሰዉ «ወይ የአባት አንጀት!» እያለ አለቀሰ። ሚስቱ ብቻ ገብቷት ጠጋ አለችና፣ «አሁንም አልለቀቀህም?» አለችው።

«ወንበሩም ከፍ ብሎብኛል» አላት።

ልሳኑ ሳቀ። የኔታም ወደ እሱ ዞሩ።

«ሳቅ፤ ግን ልብ በል። ያ ሰው ፍርሃቱ እስኪለቀው ቢጠብቅ ኖሮ ልጁን ሌላ ይመርቅበት ነበር። አንተም እንደ እሱ ነህ፤ ጉባኤው ገደልህ ነው፣ ቅኔው ልጅህ። እኔም እስከ ዛሬ ጉልበቴ ሳይንቀጠቀጥ ቆሜ አላውቅም፤ ሰው እርጅና ነው ይለኛል። በል ተነሥና ቅኔህን አሰማኝ።»