እንጦጦ ከሳሎን

አቶ ወርቅአፈራሁ ቤት ውስጥ ብስክሌት የሚነዱበት ማሽን ሲመርጡ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳገት በመጣ ቁጥር ፔዳሉን ራሱ የሚያከብደውን ገዙ። የገጠመላቸው አጥራቸው ሥር ጎማ የሚለጥፈው ብስክሌት ጠጋኝ ነበር።

እሑድ ዕለት ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ጠጋኙን አስጠሩት። ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ከኮርቻው ሳይወርዱ፣ "አሁን እንጦጦ ጫፍ ወጣሁ! ማሽኑ መዝግቦታል!" አሉት። ጠጋኙ ሳቁ አመለጠው።

"ትስቃለህ? ወጥተዋል ብለህ ሰው ፊት መስክር! አለዚያ ዕቃህን ይዘህ ከአጥሬ ሥር ውልቅ!"

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ማሽኑ ካለማ ወጥተዋል፣ ጋሼ! ሲወርዱ ግን ያየ የለም። ጎረቤት ተራራ ላይ ሳለ ቤቱን ጥሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው፤ እርስዎ እስኪወርዱ እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ቤትዎን እጠብቃለሁ።"