እስከ ሐሙስ ይጠብቃል

አንድ ኅሩይ የሚባል ሰው ነበር። እሱና ታናሽ ወንድሙ ጥላዬ በጋራ አንድ የፑል ስቲክ ነበራቸው። ስቲኩ ለሁለት ተፈትቶ በብሎን የሚገጠም ነው። ወፍራሙ እጀታ ኅሩይ ቤት፣ ቀጭኑ መምቻ ጥላዬ ቤት ይቀመጣል። እንዲህ ያደረጉት አንዱ ያለ ሌላው እንዳይጫወት ብለው ነው። ፀጉራቸው የሸበተ ሁለት ጎልማሶች እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ግማሽ ግማሻቸውን በብብታቸው ይዘው ፑል ቤቱ በር ላይ ሲገናኙ ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር። እነሱ ግን ምን ቸገራቸው! ገጥመው ይገባሉ፤ ተጫውተው ይወጣሉ፤ ፈትተው ይለያያሉ።

በቀጭኑ እንጨት ጫፍ ውስጥ ብሎኑን የሚቀበል የናስ ዳዶ በኮላ ተቀብሯል። ከዘመን ብዛት ይህ ዳዶ ላላ። የፋሲካ ማግስት ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ በሚያይበት ግጥሚያ ላይ ጥላዬ ጥቁሯን ኳስ ሳታት። ኅሩይ ደሙ ፈላ። "መምቻው የሚቀመጠው አንተ ቤት ነው፤ ያላላኸው አንተ ነህ!" ብሎ በሰው ፊት ጮኸበት። ጥላዬ "ጋሼ፣ ቆይ፣ ለሚያውቅ ሰው እናሳየው" ቢለውም አልሰማውም። ፒንሳ አስመጥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ ዳዶው ጭራሽ ከእንጨቱ ተላቀቀና ባዶውን ይሽከረከር ጀመር። ጥላዬ የእሱን ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ሦስት ወር ሙሉ ተኳረፉ። ኅሩይ ጥፋቱ የራሱ መሆኑ በዚያው ዕለት ገብቶታል። ግን "ካፈርኩ አይመልሰኝ" የሚባል ክፉ በሽታ አለ፤ እሱ ይዞት ነበር። በየእሑዱ ስቲኩን አውጥቶ ያየውና መልሶ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ቁራጭ ይዞ ጋሽ ጀምበሩ ወደሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ሄደ።

ጋሽ ጀምበሩ ዳዶውን በጣታቸው አዞሩት።

"በፒንሳ ነው ያጠበቅኸው?"

"አዎ፣ ጋሽ ጀምበሩ።"

"ምነው ልጄ! ብሎኑ መች ላላ? የላላው ከሥር ያለው ኮላ ነው። እሱን ትተህ ላይ ላዩን ባጠበቅኸው ቁጥር እንጨቱን ትበላዋለህ።"

ሽማግሌው ዳዶውን አሙቀው አሮጌው ኮላ ሲለሰልስ ሳቡት። ጉድጓዱን በቀጭን ቢላ ፍቀው አጸዱት። የናሱን ገላ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ አዲስ ኮላ ቀብተው ወደ ቦታው መለሱት። ስቲኩን ገጥመው ጠረጴዛ ላይ እያንከባለሉ ቀጥ ማለቱን አዩ። ከዚያ ግድግዳ አስደገፉትና "እንዳትነካው፤ እስከ ሐሙስ ይጠብቃል" አሉት።

ይህን እንዳሉ የጥላዬ ጎረቤት እያለከለከ ገባ። "ኅሩይ፣ ቤትህ ሄጄ አጣሁህ። ጥላዬ ታሟል። 'ወንድሜ ይምጣልኝ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም' ብሏል።"

ኅሩይ ደነገጠ፤ ደስም አለው። ከሦስት ወር በኋላ ወንድሙ ጠራው! "ያችው የድሮዋ ጨጓራው ናት" ብሎ ራሱን አጽናና። "ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ? ሐሙስ ስቲኩን ይዤለት ስሄድ ብድግ ይላል።"

ጋሽ ጀምበሩ ቀና ብለው አዩት። "የጠራው ማንን ነው? አንተን ነው ስቲኩን?"

"ስቲኩ ሳይበጅ በምን አፌ ይቅርታ እላለሁ?"

"በዚያው በጮኽህበት አፍህ ነዋ!"

ኅሩይ አፈረ፤ ግን አልሄደም። በሰው አፍ እርቅ መላክ ከበደው። ስቲኩን እያሠራ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ደስታውን ከወዲሁ ማበላሸትም አልፈለገም። ስለዚህ ከወለሉ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ አነሣና በጀርባው "ጥላዬ፣ እስከ ሐሙስ ይጠብቃል። ኅሩይ" ብሎ በእርሳስ ጽፎ ለጎረቤትየው ሰጠው። የጻፈው ስለ ዳዶው ነው። ይህች ፍንጭ ለወንድሜ ትበቃዋለች ብሎም አመነ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጥላዬ ዐረፈ።

ሐሙስ ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የጥላዬ ሚስት ይርገዱ ወደ ኅሩይ ቀረበች። ያቺን ቁራጭ ወረቀት ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው።

"ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነበር?" አለችው። "ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ። 'የምጠብቀው እኔ ነኝ? እስከ ሐሙስ?' አለ። ቆይቶ ደግሞ 'እሺ፣ ታላቄ ነው፤ እጠብቀዋለሁ' አለ። አልጋውን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብሎ አዞርንለት። ሰው በገባ ቁጥር እርስዎ እየመሰሉት ቀና ይል ነበር።"

ኅሩይ "ስለ ዳዶው እኮ ነው! ይጠብቃል ያልኩት ዳዶው ነው!" ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሐዘን ያሳበደው መሰለውና ደግፎ አስቀመጠው። እሱ ግን ያንን ቃል አንዴ እያላላ አንዴ እያጠበቀ፣ ወረቀቷን እያገላበጠ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እነሆ እኔም እዚህ ስጽፈው ሁለቱ ቃል አንድ ሆነብኝ። "ብ"ን አላልተህ ብታነበው በቦታው የጸና ዕቃ ነው። አጥብቀህ ብታነበው ዓይኑን በር ላይ የተከለ ሰው ነው። ፊደላችን ይህን አይለይም፤ የሚለየው ድምፅ ነው። ድምፅን ለማሰማት ደግሞ እግር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ኅሩይ መታገሥ ሲገባው ፒንሳ አነሣ፤ መቸኮል ሲገባው ቀጠሮ ሰጠ። ዕቃ ሲበላሽ ጊዜ ሰጥተን እናበጀዋለን። ወዳጅ ሲቀየም ግን ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ይቅርታችን እስኪያምር፣ እጃችን እስኪሞላ ስንል፣ የጠራን ሰው እኛን ብቻ ፈልጎ እንደነበር የምንረዳው ካለፈ በኋላ ነው።

እስቲ ልጠይቅህ፤ ተኳርፋችሁ ሳለ "ና" ብሎ የላከብህ ሰው አለ? ካለ ይህን ታሪክ ለሌሎች ኋላ ታካፍለዋለህ። አሁን ተነሥና ሂድ።