ሁልጊዜ የሚስማማው ቦርድ

ጆሮ ያለው ያቅና፣ ምላስ ያለው ይሰብስብ፤ እኔም ልጀምር።

ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚሰበሰቡበት ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ሸለቆ ውስጥ እሳት ተነሣ። የበጋ እሳት ነበርና ሣሩንም ዛፉንም ላሰው። ብዙ እናቶችም ከእሳቱ ሳይወጡ ቀሩ። እሳቱ ሲበርድ ሸለቆው እናት በሌላቸው ግልገሎች ተሞላ፤ የሚዳቋ ግልገል፣ የድኩላ ግልገል፣ የአጋዘን ግልገል።

እንስሳቱ አዘኑ። «የሙት ልጆች ሜዳ ላይ አይቀሩም» ብለው ከአንድ ገደል ሥር መጠለያ ሠሩ። ሁሉም ከቤቱ ሊያዋጣ ቃል ገባ። የቆላ ዝሆኖች እንኳ ወሬውን ሰምተው በየበጋው ሣር ተሸክመው ይመጡ ጀመር።

መጠለያውን እንዲያስተዳድር አያ ዝንጀሮ ተቀጠረ፤ እጅ አለውና። ሽማግሌዎቹ ግን፣ «እጅ ላለው ዓይን ያስፈልገዋል» አሉ። ስለዚህ ዝንጀሮን የሚቆጣጠር ቦርድ ተመረጠ።

ሰብሳቢው አያ ጉማሬ ሆነ። ለምን? ትልቅ ነዋ! አፉን ሲከፍት ሁሉም ዝም ይላል። ምክትሉ አያ ጉሬዛ ሆነ፤ ነጭና ጥቁር ካባው ለስብሰባ ያምራል። አያ ከርከሮም አባል ሆነ፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እመት እርግብ ደግሞ፣ «ደግ ናት፣ ክፉ አይወጣትም» ተብላ ገባች።

ስብሰባው ወንዝ ዳር፣ ሾላ ጥላ ሥር ነበር፤ አያ ጉማሬ ከውኃ መራቅ አይወድም። ዝንጀሮ መጀመሪያ ምሳ ያቀርባል። የበሰለ ሾላ፣ ለምለም ሣር፣ የሚጣፍጥ ሥራ ሥር። ሁሉም ከጠገበ በኋላ ይነሣና፣ «ግልገሎቹ ደኅና ናቸው» ይላል።

«ደኅና ናቸው ወይ?» ይላል ጉማሬ።

«ደኅና ናቸው» ይላል ዝንጀሮ።

«ተቃውሞ ያለው?»

ከርከሮ ያኝካል። ጉሬዛ ካባውን ያስተካክላል። እርግብ መሬት መሬት ታያለች።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ይላል ጉማሬ። ይጨበጨባል፤ ሣርም ይጨመራል።

ከቦርዱ ሁሉ ግልገሎቹን የምታያቸው እርግብ ብቻ ነበረች፤ ወደ ጎጆዋ ስትበር መንገዷ በመጠለያው ላይ ነው። የጎን አጥንታቸው ወጥቶ ታያለች። የዝንጀሮንም ዘመዶች ታያለች። ወንድሙ ዘበኛ፣ አማቹ የጎተራ ጠባቂ፣ የሚስቱ እህቶች ደግሞ ሥራቸው ባይታወቅም ውፍረታቸው የታወቀ ነበር። «ነገ እናገራለሁ» ትላለች እርግብ። ነገ ሲመጣ ግን አፏ አይከፈትም። ነፋስ ጎጆዋን ባፈረሰባት ጊዜ ጭራሮ ሰብስቦ የሠራላት ዝንጀሮ ነበርና። «ጎጆ የሠራልኝን በምን ዓይኔ አይቼ እከሰዋለሁ?» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ይሉኝታ አንገቷን አንቆ ያዛት።

አንድ በጋ ዝሆኖቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ወንዙ ዳር ቆሙ። አሮጊቷ ዝሆን፣ «ሣራችን በየዓመቱ ይመጣል፤ ግልገሎቹ ሲያድጉ ግን አላየንም። ቦርዳችሁ ሳይመዘን ሸክማችንን አናወርድም» አለች።

«እንመዘን!» አለ ጉማሬ እየሣቀ። «ሚዛን ከሆነማ ማን ያክለኛል?»

ቦርዱም መዛኙን ራሱ መረጠ። በቀቀንን ጠራ።

«ሥራችሁ እንዴት ነው?» አለ በቀቀን።

«እጅግ ጥሩ ነው!» አሉት። በቀቀንም ወደ ዝሆኖቹ በረረና፣ «እጅግ ጥሩ ነው! እጅግ ጥሩ ነው!» አለ።

«ምን አይተህ?» አለች ዝሆን።

«ምን አይተህ? ምን አይተህ?» አለ በቀቀን። ዝሆን ኩምቢዋን ወዘወዘች። «ሌላ አምጡ።»

ቦርዱ እስስትን ጠራ። እስስት ጉማሬ ጀርባ ላይ ወጣ፤ ግራጫ ሆነ። ጉሬዛ ካባ ላይ ወጣ፤ ነጣ፣ ጠቆረ። ምሳም በላ። ከዚያም፣ «መርምሬያለሁ፤ ቦርዱ በሐሳብ ከእኔ ጋር አንድ ነው» አለ።

«አንተን ከቦርዱ መለየትማ እኛም አቅቶናል» አለች ዝሆን። «ሦስተኛውን የምንመርጠው እኛ ነን።» ጃርትን ላኩ። ጃርትን ማንም አያቅፋትም፤ ስለዚህም ማንም አያባብላትም።

ዝንጀሮ ሮጦ ምሳ አቀረበ። «እመት ጃርት፣ ይብሉ እንጂ! በሞቴ!»

«በልቼ ነው የመጣሁት» አለችና ወደ ቦርዱ ዞረች። «መጠለያው የቆመው ለምንድን ነው?»

«ለሸለቆው ክብር!» አለ ጉማሬ።

«ለመልካም ስማችን» አለ ጉሬዛ።

ከርከሮ የጎረሰውን ዋጠና፣ «ለምሳ» አለ።

«ለግልገሎቹ» አለች እርግብ ቀስ ብላ። ከጃርት በቀር የሰማት የለም።

«ዝንጀሮን እምቢ ያላችሁበት ቀን አለ?»

«ኧረ እኛ ጨዋዎች ነን!» አለ ጉማሬ። «ተጣልተን አናውቅም።»

«እንድትጣሉ መች ተመረጣችሁ? እንድትጠይቁ ነው እንጂ» አለች ጃርት። «በሉ፣ መጠለያውን አሳዩኝ።»

ተነሡ። ጉማሬ ወደ ወንዙ ላይ፣ ጉሬዛ ወደ ወንዙ ታች አዩ። ከርከሮ መሬት ቆፈረ። መንገዱን የሚያውቅ አልነበረም።

«በዚህ በኩል ነው» አለች እርግብ።

«ዛሬ አይመችም! ግልገሎቹ ተኝተዋል!» ብሎ ዝንጀሮ ከፊታቸው ቆመ። ጃርት እሾኋን አቆመች። ዝንጀሮ ዞር አለላት።

እርግብ እየመራች ደረሱ። የመጠለያው በር ሲጥ አለና፣ «እነማን ናችሁ?» አለ።

«ቦርዱ ነን!» አለ ጉማሬ እያለከለከ።

«በእኔ የሚገባውን አውቃለሁ» አለ በሩ። «በእኔ የሚወጣውንም ሣር አውቃለሁ። እናንተን ግን አላውቃችሁም።»

«እኔን ደግሞ እዩኝ» አለ የመመገቢያው ገንዳ። «ከዝናብ በቀር የገባብኝ የለም።»

የሚዳቋ ግልገል በቀጫጭን እግሮቹ እየተንገዳገደ መጣ። ጉማሬን ከእግር እስከ ራሱ አየው። እንደ ራሱ እናቱ የሞተችበት እንግዳ መሰለው።

«እናትህ ሞተችብህ?» አለው። «አይዞህ፣ ና፣ አጠገቤ ተኛ። የሚበላ የለም እንጂ ቦታስ አለ።»

ያ ሁሉን ዝም የሚያሰኝ አፍ ተከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም።

ያን ጊዜ እርግብ አለቀሰች። «አውቅ ነበር!» አለች። «በየቀኑ አይ ነበር። የእኔን ጎጆ ሠራልኝ ብዬ የእነሱን ቤት ሲያፈርስ ዝም አልኩ። አያ ዝንጀሮ፣ ውለታህን አልረሳም። ግን እምቢ! ከእንግዲህ እምቢ!»

በዚያ ቦርድ «እምቢ» የሚል ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ከርከሮ ደንግጦ ማኘክ አቆመ።

«አንቺም አብረሽ በልተሻል!» ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ።

«በልቻለሁ። ስለዚህ እኔንም ከቦርዱ አውርዱኝ።»

ጃርት ጎተራውን በእሾኋ ከፈተች። የዝንጀሮ ዘመዶች አፋቸው ሙሉ እንደሆነ ገደሉን ቧጥጠው ሸሹ፤ ዝንጀሮም ተከተላቸው።

«ፍርዴ አጭር ነው» አለች ጃርት። «ይህ ቦርድ ደካማ ነው።»

ጉማሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተቃውሞ ያለው?» አለ። ጉሬዛ ካባውን አስተካከለ። «እንግዲያው ደካማ መሆናችን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ጉሬዛ አጨበጨበ። ከርከሮም፣ «ታዲያ ምሳው ወዴት ሄደ?» አለ።

ዝሆኖቹ ሣሩን ራሳቸው ገንዳው ውስጥ አወረዱ። አዲስ ቦርድም ተመረጠ፤ ስብሰባው በግልገሎቹ መካከል፣ ምሳ ሳይኖር ሆነ። ጉማሬ ምሳ እንደሌለ ሲሰማ ወንዝ ውስጥ አስቸኳይ ጉዳይ ትዝ አለውና ጠለቀ። እርግብ ወደ ቦርዱ አልተመለሰችም፤ ግን ጠዋት ጠዋት የበሰለ ፍሬ እየለቀመች ለግልገሎቹ ትጥልላቸው ነበር። እነሱም አገገሙ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ይሉኝታ እርግብን እስኪለቃት ድረስ በሕይወት ያልቆዩ ነበሩና። እርግብ ዛሬም ድረስ ድምፅዋ ልቅሶ ልቅሶ የሚለው ስለዚህ ነው ይባላል።

ሌባ ጨለማ ቢያጣ፣ በቀን ተሰብስቦ የሚያጨበጭብለት ይበቃዋል።